ከባርኮዱ በፊት ቁጥሩ ይቅደም

ጥያቄ፦ በማኅበራችን የዘር ባንክ የማሽላ፣ የስንዴና የባቄላ ናሙናዎችን በከረጢት አስቀምጠናል። የወረቀቱ ጽሑፍ እየደበዘዘ ነው። አንዳንዱ ከማን እንደመጣ እንኳ ማወቅ አልቻልንም። «ባርኮድ አስገቡ» ተባልን። ከየት እንጀምር?

መልስ፦ ባርኮድ ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ስካነር ለመግዛት ግን አትቸኩሉ። ባርኮዱ የሚይዘው ቁጥር ብቻ ነው። መዝገቡ ባዶ ከሆነ ስካነሩ ምንም አይነግራችሁም።

መጀመሪያ ለእያንዳንዱ ናሙና ቋሚ ቁጥር ስጡ። ዘሩ ሞቶ ቢጠፋ እንኳ ቁጥሩ ለሌላ አይሰጥም፤ ከተሰጠ የድሮውና የአዲሱ መረጃ ይደባለቃል። የአማርኛ ፊደል አይግባበት፤ የተለመዱት ባለመስመር ባርኮዶች አይቀበሉትም። ኤክሴል ላይ የቁጥሩን ዓምድ አስቀድማችሁ «ቴክስት» አድርጉት። አለዚያ 00147 ብላችሁ የጻፋችሁት 147 ሆኖ ይቀርና ስካነሩ ካነበበው ጋር አይገጥምም። ትንሽ ነገር ትመስላለች፤ ግን ሥራ ታበላሻለች።

ናሙናውን ዘርታችሁ ስታባዙ አዲሱ ምርት የራሱ ባርኮድ ይኑረው፤ ለምሳሌ 00147-1 እና 00147-2። ዕድሜያቸውም የብቅለት መጠናቸውም ይለያያል።

መዝገቡ ላይ የሰብሉን ዓይነት፣ የተሰበሰበበትን ቦታና ቀን፣ የሰጠውን ሰው፣ የዘሩን መጠንና የብቅለት ሙከራ ውጤቱን አስፍሩ። ገበሬው ዘሩን የሚጠራበትን ስም ደግሞ እንደሰማችሁት ጻፉ፤ ለማረም አትሞክሩ። ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ይህ ነው። ዘሩን የሰጡት ሽማግሌ ካለፉ በኋላ ስሙን ከየትም አናመጣውም። ለዓምዶቹ አርዕስት የተመድ የምግብና የእርሻ ድርጅት (ፋኦ) እና ባዮቨርሲቲ የተባለው የብዝኀ ሕይወት ምርምር ተቋም ያወጡትን የፓስፖርት መረጃ፣ ማለትም የናሙናውን ማንነትና ምንጭ የሚገልጽ መረጃ፣ ዝርዝር ተጠቀሙ። ነገ ግሪን-ግሎባል ወደተባለው ነፃ የጂን ባንክ ሶፍትዌር ብትሄዱ መረጃውን ማዛወር ይቀላችኋል።

ስቲከር ላይ አትቆጥቡ። በሙቀት ብቻ የሚታተመው የደረሰኝ ወረቀት ጊዜ ሲቆይ ይጠፋል። በሪባን የሚያትም ፕሪንተርና የፕላስቲክ ስቲከር ይሻላል። ፍሪዘር ካላችሁ ሙጫው ከዜሮ በታች 18 ዲግሪን የሚችል ይሁን፤ ከረጢቱ ሳይቀዘቅዝ፣ ደረቅ እያለ ለጥፉት። ሌላ ኮፒ ከረጢቱ ውስጥ ክተቱ። ከባርኮዱ ሥር ቁጥሩ በዓይን የሚነበብ ይሁን፤ መብራት ሲጠፋ ያድናችኋል።

ዘር የሚቀላቀለው በአብዛኛው ሲዘራና ሲታጨድ ነው። ሁለት የማሽላ ናሙናዎች በዓይን አንድ ሊመስሉ ይችላሉ። ስትዘሩ መጀመሪያ ከረጢቱን፣ ቀጥሎ መደቡ ላይ የተተከለውን ችካል በስልክ ስካን አድርጉ። ስታጭዱ ደግሞ ችካሉን፣ ከዚያ አዲሱን ከረጢት። ሁለቱ ካልገጠሙ እዚያው ቆማችሁ አጣሩ። ለቀን ሥራው ሰው ቢበዛም ይህን አንድ ሰው ብቻ ይያዘው።

መረጃው ኮምፒውተር ውስጥ ከገባ የትኛው ዘር እየደከመ እንደሆነ በጊዜ ታያላችሁ። ብቅለቱ፣ ዘሩ ባንኩ ሲገባ ከነበረው የብቅለት መጠን 85 በመቶ በታች ከወረደ፣ ማባዣው ጊዜ ደርሷል። መዝገቡን በየሳምንቱ ፍላሽ ላይ ቅዱ፤ ፍላሹ ሌላ ቤት ይቀመጥ።

ጽሑፋቸው የጠፋባችሁን ከረጢቶች እንዳትጥሉ። ቁጥር ስጧቸውና «ምንጩ ያልታወቀ» ብላችሁ መዝግቡ። ግምት አትጻፉ። ከእያንዳንዱ ጥቂት ዘርታችሁ፣ ሲያፈሩ ነባር ገበሬዎችን ጠርታችሁ አሳዩአቸው። ያወቁትን በተናገሩበት ቀንና በተናጋሪው ስም መዝግቡ።