የተሸነፍክበትን የቼዝ ጨዋታ እንዴት ትመረምራለህ?

ሰላም ወንድሜ። «ኮምፒውተሩ ስህተቴን ያሳየኛል፤ በሚቀጥለው ጨዋታ ግን እደግመዋለሁ» ላልከው፦ ችግሩ ኮምፒውተሩን፣ ማለትም ጨዋታውን የሚመረምረውን የቼዝ ፕሮግራም፣ ቶሎ መክፈትህ ይመስለኛል። የተሻለውን እርምጃ ይነግርሃል እንጂ አንተ ለምን እንዳላየኸው አይነግርህም።

መጀመሪያ ጨዋታውን በእውነተኛ ሰሌዳ ላይ ድገመው፤ በየእርምጃው ያኔ ያሰብከውን በአንድ መስመር ጻፍ። ስህተቱ ብዙ ጊዜ ንግሥትህ የተበላችበት እርምጃ አይደለም። ከዚያ 3 ወይም 4 እርምጃ ቀድሞ፣ ለምሳሌ የኋላ ረድፍህን የሚጠብቀውን ሩክ (ግንብ የሚመስለውን ጠጠር) ስታነሳ የተጀመረ ነው። እዚያ 10 ደቂቃ ቆይ። ለተጋጣሚህ የነበረውን ቼክ (ንጉሥህን የሚያጠቃ እርምጃ)፣ ሊበላ የሚችለውንና ዛቻውን አንድ በአንድ ቁጠር።

ኮምፒውተሩን የምትከፍተው ከዚህ በኋላ ነው። ለአቋሙ በሚሰጠው ግምገማ (1.0 በግምት የአንድ ወታደር ዋጋ ነው) የ0.3 ልዩነት አያስጨንቅህ፤ ግምገማው ከአንድ ወታደር ዋጋ በላይ የወረደበትን ብቻ ተመልከት። ምክንያቱንም በግልጽ ስም ስጠው፦ ዛቻውን አላየሁም፣ ሰዓት አጠረኝ፣ ሳልቆጥር በላሁ። «ተዘናጋሁ» ብለህ አትለፈው፤ ምንም አያስተምርም።

አቋሙን ፎቶ አንስተህ አስቀምጥና ከሳምንት በኋላ መልሱን ሳታይ ፍታው። እንዲህ 10 ሽንፈት ስትመረምር የሚደጋገመው ምክንያት ይታይሃል፤ ልምምድህን እዚያ ላይ አድርግ።