«ተማሪ ቤት» ወይስ «ትምህርት ቤት»?

ጥያቄ፦ አያቴ «ተማሪ ቤት» ይላሉ፤ እኔ «ትምህርት ቤት» እላለሁ፤ «አስኳላ» የሚልም አለ። ስለ ዘመናዊ ትምህርት አጀማመር ስጽፍ የትኛውን ልያዝ?

መልስ፦ ሥሩ የግእዙ «መሀረ» ነው፤ አስተማረ ማለት ነው፤ በሃሌታው «ሀ» ይጻፋል። በሐመሩ «ሐ» የሚጻፈው «መሐረ» ግን ይቅር አለ፣ ራራ ነው። ስለዚህ ትምህርት በ«ህ»፣ ምሕረት በ«ሕ»። አማርኛ የጉሮሮ ድምፆችን ስለ ጣለ ሁለቱ ግሦች «ተማረ» ላይ ተገናኝተዋል፤ ቀለም የቆጠረውም ይቅርታ ያገኘውም «ተማረ» ይባላል። ልዩነቱን ይዞልን የቀረው ፊደሉ ብቻ ነውና «ምህረት» ብላችሁ አትጻፉ።

«ትምህርት ቤት» ከፈረንጅ ቃል የተተረጎመ ነው የሚለውን አልቀበልም። ንባብ ቤት፣ ዜማ ቤት፣ ቅኔ ቤት፣ መጽሐፍ ቤት የምንለው ዘመናዊ ትምህርት ከመግባቱ በፊት ነው፤ አሠራሩ ያው ነው። «ተማሪ ቤት» ደግሞ እንደ «ወታደር ቤት» ሰውየውን ያስቀድማል። ለእኔ ይኼኛው ይጥመኛል፤ ቤቱ ለማን እንደ ተሠራ ይናገራልና። ነገር ግን ዛሬ «ተማሪ ቤት» ብሎ የሚጽፍ የለም ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ ሳልወድ «ትምህርት ቤት»ን እይዛለሁ።

«አስኳላ» ከግሪክ መጣ የሚሉ አሉ። ቢሆን ኖሮ «ኳ»ን ከየት ያመጣ ነበር? የጣልያንኛው «ስኩዎላ» ነው የሚቀርበው፤ አማርኛ በተነባቢ ጥምር መጀመር ስለማይወድ «አ»ን ከፊት ጨመረ። የግድ በ1928ቱ ወረራ ገባ ማለትም አያስፈልግም፤ ጣልያንኛ በምኒልክ ትምህርት ቤት ከፈረንሳይኛ፣ ከእንግሊዝኛና ከዓረብኛ ጋር ይሰጥ ነበር። ቃሉ የቄስ ትምህርት ተቃራኒ ሆኖ ሲነገር ያምራል፤ በታሪክ ጽሑፍ ግን ከጥቅስ ውጭ አይግባ።

ከቃሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ቅጽሉ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900ዎቹ መባቻ ከግብፅ የቅብጥ መምህራን አስመጥተው የከፈቱትን «የመጀመሪያው ትምህርት ቤት» ማለት የጎጃሞቹን ቅኔ ቤቶች፣ ጎንጅንና ዋሸራን፣ ከታሪክ መፋቅ ነው። «የመጀመሪያው ዘመናዊ» ማለትም አይበቃም፤ ሚሲዮናውያን ቀድመዋል፤ ዐፄ ቴዎድሮስም በጋፋት ወጣቶችን ከአውሮፓውያን ባለሙያዎች የእጅ ሥራ አስተምረዋል። «የመጀመሪያው ዘመናዊ የመንግሥት ትምህርት ቤት» በሉ፤ ሦስቱም ቅጽሎች ሥራ አላቸው። በ1917 የተከፈተው ተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤትም ሁለተኛ የሚሆነው በዚህ ሐረግ ውስጥ ነው።

ሲጻፍ ሁለቱ ቃላት አንድ ስም ናቸው፤ ቅጥያ ሁሉ በ«ቤት» ላይ ይወድቃል፦ ትምህርት ቤቱ፣ ትምህርት ቤቶች። «ትምህርቱ ቤት» እና «ትምህርቶች ቤት» ስሕተት ናቸው። «ት/ቤት» ለሠንጠረዥና ለማኅተም ይሁን፤ በሐተታ ውስጥ ሙሉውን ጻፉ።