የአባቴ የጉበት ካንሰር በሌዘር ይቃጠላል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። አባቴ 61 ዓመታቸው ነው፤ ዘጌ ቡና ያመርታሉ። ከዓመታት በፊት ሄፓታይተስ ቢ እንዳለባቸው ተነግሯቸው ክትትል አላደረጉም። ሰሞኑን ባሕር ዳር በሲቲ ስካን ሲታዩ ጉበታቸው ላይ 2.5 ሴንቲ ሜትር የሆነ ካንሰር ተገኘ። ውጭ አገር ያለችው እህቴ «በሌዘር ይቃጠላል፤ ቢላ አይነካቸውም» ትላለች። እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው። እህትዎ የነገረችዎ ግን ግማሹን ነው።

መጀመሪያ ቆዳው ይደነዝዛል። ሐኪሙ በአልትራሳውንድ እያየ ቀጭን መርፌ እብጠቱ ድረስ ያስገባል። በመርፌው ውስጥ ፋይበር ያልፋል፤ ለኢንተርኔት የሚዘረጋው ዓይነት፣ ክር የሚያህል። የሌዘሩ ብርሃን በእሱ ሄዶ እብጠቱ ውስጥ ሙቀት ይሆናል። ሙቀቱ ከ60 ዲግሪ ሲያልፍ ካንሰሩ እንደተቀቀለ እንቁላል ረግቶ ይሞታል። ዙሪያውን ያለው ደህና ጉበትም በትንሹ አብሮ ይቃጠላል። ሆን ተብሎ ነው፤ ጠርዙ ላይ ርዝራዥ እንዳይቀር።

ይህ የሚያምርለት እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ላለ እብጠት ነው። የአባትዎ እዚያ ውስጥ ነው፤ እሰየው።

«ሌዘር» የሚለው ስም ግን አያጓጓዎት። በሬዲዮ ሞገድ ወይም በማይክሮዌቭ ማቃጠልም አለ፤ እንዲያውም በብዙ አገር የሚሠራባቸው እነሱ ናቸው። እኔ ብሆን ከመሣሪያው ይልቅ ሐኪሙ እጁ የለመደውን እመርጣለሁ። ቀዶ ሕክምና ይሻል እንደሆነም ይጠይቁ።

እኔን የሚያሳስበኝ ቀሪው ጉበት ነው። ሆዳቸው ውሃ ቋጥሯል? ዓይናቸው ቢጫ ሆኗል? ደማቸው ቶሎ አይረጋም? እንዲህ ከሆነ መርፌው ራሱ አደጋ ነው። ስለዚህ የሲቲ ስካኑን ብቻ ሳይሆን ጉበቱ እንዴት እየሠራ እንደሆነ የሚያሳዩትን የደም ምርመራዎች፣ ማለትም የቢሊሩቢን፣ የአልቡሚንና የደም መርጋት ውጤታቸውን ይዘው ይሂዱ። አስፕሪን የሚወስዱ ከሆነም ቀድመው ይናገሩ።

ከተቃጠለ በኋላ ጥቂት ቀን ሕመምና ትኩሳት ያለ ነው። ወር ገደማ ቆይቶ በሲቲ ስካን ወይም በኤምአርአይ ይታያል፣ ከዚያም በየ3 ወሩ ገደማ። ይህን ቀጠሮ አደራ! ካንሰሩ በሌላ የጉበት ክፍል ተመልሶ ብቅ ማለቱ የተለመደ ነው፤ የታመመው ጉበት እዚያው አለና። ለሄፓታይተስ ቢ ቫይረሱም እንደ ቴኖፎቪር ያለ መድኃኒት ሊያስፈልጋቸው ይችላል።

ካነሳነው አይቀር፣ ዓይን ቢጫ ሲሆን «የሌሊት ወፍ ሸንታበት ነው» ብሎ ሥር የሚጠጣ ስንት ሰው አይቻለሁ። «የወፍ በሽታ» ከምንለው ጀርባ አንዳንዴ ያለው ይኸው ቫይረስ ነው። አባትዎ ጸበል ቢጠመቁ አልከለክልም። ምንነቱ ያልታወቀ ሥር ግን በታመመ ጉበት ላይ አይጨመር፤ በዚህ አልደራደርም።

እርስዎ፣ እናትዎና እህትዎም ተመርመሩ። ቫይረሱ አብሮ በመብላት አይተላለፍም፤ በደም፣ በግብረ ሥጋ፣ በወሊድ፣ በጋራ ምላጭ ግን ይተላለፋል። ነጻ የሆነና ያልተከተበ ሰው ክትባቱን ይውሰድ። ብዙ ጊዜ 3 መርፌ ነው፤ አንዱን ተወግቶ መቅረት የለም።