የአፈር ምርመራ በሐዋሳ፦ ቤት ለሚሠሩ ጥያቄና መልስ

ቤት ለመሥራት የተነሣችሁ ብዙዎቻችሁ ስለ አፈር ምርመራ ስትጠይቁ አያለሁ። ሥራዬ ይኸው ስለሆነ ዛሬ የቻልኩትን ያህል እመልሳለሁ። ሰፈሩንና የፎቁን ብዛት ንገሩኝ፤ የይዞታ ሰነድ ግን አትለጥፉ።

ኢንጂነር፣ ሐይቅ ዳር ጂ ፕላስ 3 ልሠራ ነው። ጎረቤቴ ያለ ምርመራ ሠርቶ ዓመታት አለፉት፤ ስንጥቅ የሚባል የለበትም። የሱን የመሠረት ጥልቀት ብከተልስ?

አይከተሉ። እኛ ከተማ ያለው መሬት ሐይቁ ሲሸሽና ሲመለስ የተወው ደለል፣ ከእሳተ ገሞራ የወረደ አመድና ፑሚስ (ቀዳዳ የበዛበት ቀላል ድንጋይ)፣ ጎርፍ ያመጣው አሸዋ የተነባበረበት ነው። አጥር ተጋርታችሁም ንብርብሩ ሊለያይ ይችላል። በእርስዎ ቦታ ላይ የድሮ ሽንት ቤት ጉድጓድ ወይም በቆሻሻ የተሞላ ቦይ ተቀብሮ ይሆናል። ቤቱ በሙሉ እኩል ቢሰምጥ ጉዳቱ ያን ያህል አይከፋም። ቤት የሚሰነጠቀው አንዱ ኮለን (ዓምድ) ወርዶ ሌላው ባለበት ሲቀር ነው። ደግሞ የጎረቤትዎ ቤት ስንት ፎቅ ነው? እሱን አልነገሩኝም።

250 ካሬ ላይ ስንት የምርመራ ጉድጓድ ይበቃል? እስከ ምን ጥልቀት?

ለፎቅ ቤት ከሁለት ባያንስ፤ እኔ ሦስት አስቆፍራለሁ፣ በአንድ መስመር ሳይሆን ተራርቀው። ጥልቀቱን በተመለከተ፣ በሕንፃ ኮዱ ውስጥ ያለው መመሪያ ለነጠላ ፉቲንግ (አንድ ኮለን ለብቻው የሚያርፍበት የመሠረት ንጣፍ) ከመሠረቱ ሥር የፉቲንጉን ወርድ ሦስት እጥፍ፣ ቢያንስ ግን 6 ሜትር ይላል። መሠረቱ 2 ሜትር ላይ ከሆነ ቁፋሮው 8 ሜትር መድረስ አለበት ማለት ነው። «4 ሜትር ይበቃዎታል» የሚል ሰው ከመጣ ምክንያቱን ጠይቁት። ታቦር ተራራ ሥር ቶሎ ዐለት ሊገኝ ይችላል፤ ያኔም ቢሆን ዐለቱ ውስጥ ገባ ብሎ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ትልቅ ቋጥኝ ዐለት መስሎ ያሳስታል።

ሴት ነኝ፣ ብቻዬን ነው የማሠራው። ሲቆፍሩ ቆሜ ባይ እንኳ ምን አውቃለሁ?

እህቴ፣ በቁፋሮው ቀን እዚያው ይገኙ። የሚያዩት ከባድ አይደለም። 63.5 ኪሎ የሚመዝን መዶሻ ከ76 ሳንቲ ሜትር ከፍታ እየወደቀ የናሙና ቱቦውን ወደ መሬት ይመታል። ቱቦው 45 ሳንቲ ሜትር እስኪገባ ድረስ በየ15ቱ ስንት ጊዜ እንደተመታ ይቆጠራል። የመጀመሪያው 15 በቁፋሮ የተረበሸ ስለሆነ አይታሰብም፤ የቀሪዎቹ ሁለት 15ቶች ድምር ነው የሚፈለገው። በአሸዋ ላይ ድምሩ ከ10 በታች ከሆነ መሬቱ ልል ነው፤ ከ30 በላይ ከሆነ ጥቅጥቅ ያለ ነው። እርስዎም በደብተር ይቁጠሩ፤ ኋላ ሪፖርቱ ላይ ያመሳክሩታል። ናሙናው ከረጢት ውስጥ ሲገባ የጉድጓዱ ቁጥርና ጥልቀቱ እዚያው ይጻፍበት፣ ማታ ቢሮ ገብተው አይደለም።

አንድ ነገር ልጨምር። ከቱቦው የሚወጣውን ነጣ ያለ ጠጠር እጅዎ ላይ ያድርጉት። እንደ ቡሽ ቀሎ በጣትዎ መሃል ከደቀቀ ፑሚስ ነው። መዶሻው ፑሚሱን እያደቀቀ ስለሚያልፍ በቁጥሩ ብቻ መፍረድ አይቻልም። ሪፖርቱ ስለዚህ አንድም ቃል ካልጻፈ ያስጽፉ።

መሠረት ስናስቆፍር 1.8 ሜትር ላይ ውሃ መጣ። ኮንትራክተሩ «በፓምፕ እየሳብን እንሙላው» ይላል።

ወንድሜ፣ ሥራውን አቁም። ልል አሸዋ ውስጥ ዝም ብለህ ውሃ ስትስብ ውሃው ደቃቁን አፈር ይዞ ይወጣል፤ የጉድጓዱ ወለል ከሥር በሚገፋው ውሃ እንደሚፈላ ይናጣል፣ የጎረቤትህም ግድግዳ ሊሰነጠቅ ይችላል። መጀመሪያ የዲዛይን መሐንዲስህ ይምጣ። እንደ ጭነቱ መሠረቱን ከውሃው በላይ ማንሣት፣ በሰሌክት ማቴሪያል (ለሙሊት በተመረጠ ጥሩ አፈር) እየጠቀጠቁ መሙላት ወይም ወደ ራፍት (ከቤቱ ሥር ሙሉውን የሚዘረጋ አንድ ወጥ መሠረት) መሄድ ይቻላል።

ቤዝመንት አስበህ ከሆነ ደግሞ ይህን አስላ፦ ውሃው ከወለልህ በላይ 1 ሜትር ከፍ ባለ ቁጥር እያንዳንዱን ካሬ ሜትር በ1 ቶን ወደ ላይ ይገፋዋል። ባዶ ሴፕቲክ ታንክ ከመሬት ተነሥቶ የሚወጣው በዚሁ ምክንያት ነው። ሐዋሳ ሐይቅ ወደ ውጭ የሚፈስበት ወንዝ የለውም፤ የጥቁር ውሃ ወንዝ ይገባበታል እንጂ የሚወጣ የለም። ስለዚህ ዝናቡ ሲበረታ ሐይቁ ይሞላል፣ በዳርቻው ያለው የከርሰ ምድር ውሃም አብሮ ይነሣል። በየካቲት የተለካ ውሃ የመስከረሙን አይነግርህም። ሪፖርቱ ላይ የተለካበት ቀን መኖሩን እይ።

በ2017 ፈንታሌ አካባቢ ከነበረው መንቀጥቀጥ ወዲህ ፈርተናል። አፈር ከዚህ ጋር ምን አገናኘው?

በጣም ይገናኛል። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነን። ውሃ የጠጣ ልል አሸዋ በኃይል ሲናወጥ ጥንካሬውን አጥቶ ለጊዜው እንደ ፈሳሽ ይሆናል፤ የቆመበት ሕንፃ ያዘነብላል ወይም ይሰምጣል። ሐይቅ ዳር ለምትሠሩ ይህ ተፈትሾ ሪፖርቱ ላይ በግልጽ ይጻፍ በሉ።

ለጂ ፕላስ 1 የተሠራ ምርመራ አለኝ። ጂ ፕላስ 4 ማድረግ ፈለግሁ።

ጭነቱ ሲጨምር የሚነካው ጥልቀትም ይጨምራል። እንደገና ይታይ።

ሪፖርቱ «150 ኪሎ ፓስካል» ይላል። ጥሩ ነው?

አፈሩ እንዲሸከም የተፈቀደው ጭነት ነው፤ በካሬ ሜትር ወደ 15 ቶን ገደማ ማለት ነው። 60 ቶን የሚያወርድ ኮለን 4 ካሬ፣ ማለትም 2 በ2 ፉቲንግ ይፈልጋል። ጥሩ ነው መጥፎ ነው የሚያሰኘው ግን ጭነትዎ ነው። ቁጥሩ በምን ጥልቀት እንደሆነና ስንት ሚሊ ሜትር መስመጥ ታስቦ እንደተሰጠ ይመልከቱ፤ ለነጠላ ፉቲንግ ብዙ ጊዜ 25 ሚሊ ሜትር ይወሰዳል። ለዲዛይን መሐንዲሱም ያችን ቁጥር ብቻ በስልክ አይንገሩት። ሪፖርቱን ከነ ጉድጓዱ ዝርዝርና ከነ ላብራቶሪ ውጤቱ ሙሉውን ይስጡት፣ ሥዕሉን ሳይጀምር።