ውሃ ከመጨመርዎ በፊት አፈሩን ይንኩ፦ የቤትና የግቢ ተክሎች ጥያቄና መልስ

ስለ ቤት ውስጥ ተክል፣ ስለ ሣርና ስለ ግቢ አበባ የቀረቡትን ጥያቄዎች ተራ በተራ እመልሳለሁ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ ፖቶሴን (ልብ የመሰለ ቅጠል ያለውን የቤት ሐረግ) በየሁለት ቀኑ ሳላጓድል አጠጣለሁ። ቅጠሎቹ ግን ከታች ጀምረው ቢጫ እየሆኑ ይረግፋሉ፤ የቀሩትም ጠውልገዋል። ውሃ አንሶት ይሆን?

አላነሰውም፣ በዝቶበታል። ሥር ይተነፍሳል፤ በአፈሩ ቅንጣቶች መካከል ያለው ክፍተት ሁልጊዜ በውሃ ከተሞላ ኦክስጅን ያጣና ይሞታል። የሞተውን ሥር ሻጋታ ይወርሰዋል። ሥሩ ያለቀበት ተክል ውሃ መሳብ ስለማይችል አፈሩ ርሶ እያለ ቅጠሉ ይጠወልጋል፤ ባለቤቱ ደግሞ «ጠማው» ብሎ ይደግምበታል።

ተክሉን ከነአፈሩ ከማሰሮው ያውጡና ሥሩን ይመልከቱ። ጤነኛ ሥር ነጣ ያለና ጠንከር ያለ ነው። የበሰበሰው ቡናማ ወይም ጥቁር ሆኖ ይሸታል፤ በሁለት ጣት ይዘው ሲስቡት ሽፋኑ እንደ ካልሲ ይወልቅና መሃሉ ላይ ክር የመሰለ ነገር ብቻ ይቀራል። የበሰበሰውን በሙሉ በአልኮል በተጠረገ መቀስ ቆርጠው ይጣሉ፤ አሮጌውን አፈር አራግፈው በአዲስ አፈር ይትከሉት። ከግማሽ በላይ ሥር ከቆረጡ ማሰሮውም ማነስ አለበት፤ ትንሽ ሥር ትልቅ ማሰሮ ሙሉ ውሃ መጥጦ አይጨርስም። አዲስ ቅጠል እስኪያወጣ ድረስ ማዳበሪያ አይስጡት። ሥሩ በሙሉ ከሄደ ጤነኛውን ጫፍ ከአንጓው (ቅጠሉ ከግንዱ ከሚወጣበት ቦታ) በታች ቆርጠው ውሃ ውስጥ ያስቀምጡ፤ ፖቶስ ከአንጓው በቀላሉ ሥር ያወጣል።

ጥያቄ፦ ታዲያ በስንት ቀን ላጠጣ?

ቀን መቁጠሩን ይተዉት። ያው ተክል በሞቃት ሳምንት በ4 ቀን የሚጨርሰውን ውሃ በቀዝቃዛና ደመናማ ጊዜ በ12 ቀንም ላይጨርስ ይችላል። ጣትዎን እስከ ሁለተኛው አንጓ፣ ማለትም ከ3 እስከ 5 ሳንቲሜትር ድረስ አፈሩ ውስጥ ያስገቡ። ቅዝቃዜ ከተሰማዎ ወይም አፈር ከጣትዎ ላይ ከተጣበቀ ይቆዩ። ማሰሮው ትንሽ ከሆነ ማንሳቱ ይበልጥ ያስተማምናል፦ ካጠጡ በኋላ አንስተው ክብደቱን ይልመዱት፣ ከዚያ ቀለል ሲል ያውቁታል።

ሲያጠጡ ግን በጭልፋ ነካ ነካ አያድርጉ። ከታች እስኪፈስ ያጠጡና ሳህኑ ላይ የተጠራቀመውን ከግማሽ ሰዓት በኋላ ይድፉት። ሳንሰቬሪያ (ቅጠሉ እንደ ሰይፍ ቀጥ ብሎ የሚቆመው) እና ቁልቋል መሰል ተክሎች አፈራቸው እስከ ታች ድረስ መድረቅ አለበት፤ ሳንሰቬሪያ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ያለ ችግር ይቆያል።

ጥያቄ፦ ውሃው እንዲወርድ ማሰሮው ሥር ጠጠር አደርጋለሁ። ትክክል ነው?

አይደለም፤ ይህ ምክር ለምን እንደማይሞት አይገባኝም። ውሃ ከደቃቅ አፈር ወደ ሰፊ ክፍተት በቀላሉ አይሻገርም፤ ከጠጠሩ በላይ ያለው አፈር እስኪጠግብ ድረስ ተንጠልጥሎ ይቀራል። የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ በውሃ ነክረው በጠፍጣፋው ይያዙት። መንጠባጠቡ ሲቆም አቅጣጫውን ለውጠው በረጅሙ ያቁሙት፤ እንደገና ይንጠባጠባል። ረጅም አፈር ከአጭር አፈር ይልቅ ውሃውን ያወርዳል ማለት ነው። ጠጠሩ ያንን ቁመት ይቀንሳል፤ ረግረጉን ወደ ሥሩ ከፍ ያደርገዋል እንጂ አያጠፋውም።

የሚሠራው ሁለት ነገር ነው፦ የተበሳ ማሰሮና አየር ያለው አፈር። ለአብዛኛው የቤት ተክል 2 እጅ ለም አፈር፣ 1 እጅ የበሰለ ኮምፖስት፣ 1 እጅ ሸካራ አሸዋ ወይም ፐርላይት (ነጭና ቀላል የሆነ፣ አፈሩን የሚያናፍስ የድንጋይ ፍሬ) ይበቃል። ደቃቅ አሸዋ አይጨምሩ፤ ክፍተቱን ይደፍነዋል። ማሰሮ ሲቀይሩ አዲሱ ከአሮጌው ከ3 እስከ 5 ሳንቲሜትር ብቻ ይስፋ።

ጥያቄ፦ የድራሲናዬ ቅጠል ጫፉ ብቻ ቡናማ ሆኖ ይደርቃል።

ብዙ ጊዜ ጨው ነው፦ ከማዳበሪያም ከቧንቧ ውሃም የሚጠራቀም። በአፈሩ ገጽ ወይም በማሰሮው ጠርዝ ላይ ነጭ ቅርፊት ካዩ ምልክቱ ያ ነው። ድራሲና በተለይ በውሃ ውስጥ ላለ ፍሎራይድ ስስ ስለሆነ የዝናብ ውሃ ካለ ይመረጣል። ማሰሮው 3 ሊትር የሚይዝ ከሆነ ከ6 እስከ 9 ሊትር ውሃ ቀስ እያሉ ከላይ አፍስሰው ከታች ያውጡት፤ የወረደው ውሃ ተመልሶ እንዳይመጠጥ ሳህኑን ያንሱ። የደረቀው ጫፍ አይመለስም፤ በመቀስ ቢከረክሙት ግን ተክሉ አይጎዳም።

ጥያቄ፦ ከአፈሩ ላይ ጥቃቅን ጥቁር ዝንቦች ይነሳሉ። ሌላው ተክል ላይ ደግሞ ጥጥ የመሰለ ነገር አለ።

ዝንቦቹ እንቁላላቸውን የሚጥሉት እርጥብ በሆነው የላይኛው አፈር ውስጥ ነው። የላዩን 3 ሳንቲሜትር ያድርቁት፤ የሚበሩትን ደግሞ ቢጫ ማጣበቂያ ወረቀት ይይዛቸዋል። እንቁላሉ ተራ በተራ ስለሚፈለፈል አንድ ሳምንት ሠርተው አይተዉት፤ ቢያንስ ለ4 ሳምንት ይቀጥሉ።

ጥጥ የመሰለው ተባይ ነው። መጀመሪያ ተክሉን ከሌሎቹ ያርቁት። በጥጥ ላይ 70 በመቶ አልኮል አድርገው አንድ በአንድ ይንኳቸው፤ በተለይ ቅጠሉ ከግንዱ የሚገናኝበትን ጉያ። ከዚያ በ1 ሊትር ውሃ 1 የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጠው የቅጠሉን ሆድ ጭምር ይርጩ። ሳሙናው የሚገድለው ተባዩን ሲነካ ብቻ ነው፤ ከደረቀ በኋላ ኃይል የለውም። ስለዚህ በየ7 ቀኑ ከ3 እስከ 4 ጊዜ ይድገሙት። አንድ ቅጠል ላይ ሞክረው 24 ሰዓት ይጠብቁ፤ ፀሐይ ላይም አይርጩ።

ጥያቄ፦ ሣሬን ባጨድኩ ቁጥር ቢጫ ይሆናል። ዩሪያ ላድርግበት?

ከዩሪያው በፊት ቁመቱን ይለኩ። የሣር አረንጓዴ ክፍል ከላይ ነው፤ ታቹ ግንዱ ነው። በጣም አሳጥረው ሲያጭዱ ያዩት ቢጫ ያ ግንድ ነው። በአንድ ጊዜ ከቁመቱ ሲሶ በላይ አይቁረጡ፦ 6 ሳንቲሜትር እንዲሆን ከፈለጉ 9 ሲደርስ ይጨዱ። ረዝሞ 15 ከደረሰ ዛሬ ወደ 10፣ ከ4 ወይም 5 ቀን በኋላ ወደ 7 ያውርዱት። በማግስቱ ጫፎቹ ተንጨባርረው ነጣ ካሉ ጥፋቱ የምላጩ ነው፤ ዶልዱሟል፣ ሣሩን ይበጥሰዋል እንጂ አይቆርጠውም።

ውሃውን ለመለካት ተመሳሳይ ጣሳዎች ሣሩ ላይ ያስቀምጡና ለ20 ደቂቃ ያጠጡ። በጣሳው 8 ሚሊሜትር ከተጠራቀመ ለሳምንት የሚያስፈልገው 25 ሚሊሜትር ያህል ውሃ አንድ ሰዓት ገደማ ይወስዳል፤ ለሁለት ቀን ይክፈሉት። ካጠጡ በኋላ ረጅም ካቻቪቴ መሬቱ ላይ ይትከሉ፤ 15 ሳንቲሜትር ያለ ትግል ከገባ ውሃው ደርሷል። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ የሚጠጣ ሣር ሥሩን ከላይ ያስቀራል።

ዩሪያ 46 በመቶ ናይትሮጅን ነው። ለ10 ካሬ ሜትር 50 ግራም ይበቃል። ቅጠሉ ደረቅ ሲሆን በትነው ወዲያው በደንብ ያጠጡ፤ ቅጠል ላይ የቀረ ፍሬ ያቃጥላል። ውሻ የሸናበት ቦታ መሃሉ ደርቆ ዙሪያው የሚለመልመውም በዚሁ ምክንያት ነው፦ መሃሉ ላይ ናይትሮጅኑ በዛ፣ ዳሩ ላይ ልክ ሆነ። ወዲያው ብዙ ውሃ ከፈሰሰበት ይተርፋል።

ጥያቄ፦ የገረዝኩት ጽጌረዳ ከቆረጥኩበት ቦታ ወደ ታች ይደርቃል።

ከቡቃያው ርቀው ስለቆረጡ ነው። ከቡቃያው በላይ የተረፈው ጉቶ የሚያሠራው ቅጠል ስለሌለ ይሞታል፣ አንዳንዴም ድርቀቱ ወደ ታች ይዘልቃል። ወደ ውጭ ከሚያይ ቡቃያ 5 ሚሊሜትር ከፍ ብለው፣ ቁርጡ ከቡቃያው ወደ ኋላ እንዲያዘቀዝቅ አድርገው ይቁረጡ። ቅጠሉ ላይ ጥቁር ነጠብጣብም ካለ ከላይ ማጠጣቱን ያቁሙ፤ የዚህ ሻጋታ ዘር ለመብቀል ቅጠሉ ለ7 ሰዓት ያህል እርጥብ ሆኖ መቆየት አለበት። ጠዋት፣ ከሥሩ ያጠጡ፤ የረገፈውን ቅጠል ለቅመው ይጣሉ፣ ኮምፖስት ውስጥ አይጨምሩት።

ጥያቄ፦ የእንቁላል ቅርፊትና የቡና አተላ ይጠቅማል?

ቅርፊቱ ካልተፈጨ ለዓመታት እንዳለ ይቀመጣል። አተላው በወፍራሙ ሲነጠፍ ይጋገርና ውሃ አያሳልፍም። ሁለቱንም ወደ ኮምፖስቱ።

ጥያቄ፦ ቅጠሉ ቢጫ ነው፣ ጅማቶቹ ግን አረንጓዴ ናቸው።

የትኛው ቅጠል? አዲሱ ከሆነ ብረት ነው የጎደለው፤ ብረት ከአሮጌ ቅጠል ወደ አዲስ አይሄድም። ብዙ ጊዜ ብረቱ አፈሩ ውስጥ አለ፣ አፈሩ አልካሊ (የአሲድ ተቃራኒ) ስለሆነ ግን ሥሩ አያገኘውም። ታችኛው አሮጌ ቅጠል ከሆነ ማግኒዥየም ነው፦ ተክሉ ከአሮጌው ነጥቆ ለአዲሱ ይሰጣል። ጅማቱም ሳይቀር ሙሉ በሙሉ ከገረጣ ደግሞ ናይትሮጅን።

ጥያቄ፦ ድመት አለችኝ። የትኛውን ተክል ላርቅ?

ሊሊ ቤት ውስጥ አይግባ። ቅጠሉ፣ የአበባው ብናኝ፣ የቆመበት ውሃ ሳይቀር የድመትን ኩላሊት ያጠፋል። ከነካችው ምልክት ሳይጠብቁ ወዲያው ወደ እንስሳት ሐኪም። ዲፈንባኪያና ፖቶስ አፏን ያቃጥሏታል፣ ምራቅ ያዝረከርካታል፤ መድረስ የማትችልበት ቦታ ላይ ይስቀሏቸው።