ልጄ የአሜሪካ ዜግነት ስትወስድ የደሴው ቤት ምን ይሆናል?

ጥያቄ፦ በደሴ ከተማ ሰኞ ገበያ አካባቢ የምኖር እናት ነኝ። አሜሪካ ያለችው ልጄ ግሪን ካርድ ካገኘች አምስት ዓመት አልፏት፣ የዜግነት ፈተናውንም አልፋ የመሐላውን ቀን እየጠበቀች ነው። ከአባቷ የወረሰችው ቤት ካርታ በእሷ ስም ሲሆን፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ ሣጥኔ ውስጥ ተቀምጧል። ጎረቤቶቼ «የውጭ ዜጋ ሳትሆን ቶሎ ወደ ወንድሟ ስም አዙሩት» ይሉኛል። እዚያው የተወለደው የሦስት ዓመት የልጅ ልጄስ የማን ዜጋ ነው?

መልስ፦ ጎረቤቶችዎ ስለ ዜግነቱ ልክ ናቸው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ዜግነት አዋጅ ቁጥር 378 በራሱ ፈቃድ የሌላ አገር ዜግነት ያገኘን ኢትዮጵያዊ ዜግነቱን በፈቃዱ እንደተወ ስለሚቆጥር፣ ልጅዎ አንዲት ማመልከቻ ባታስገባም ከመሐላው በኋላ በሕግ ዓይን ኢትዮጵያዊት አትሆንም።

ቤቱ ግን አያስቸኩልም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 390 የውጭ ዜጋ የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤት እንዳይሆን ሲከለክል የቆየ ቢሆንም፣ በ1994 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 270 የትውልደ ኢትዮጵያዊነት መታወቂያ፣ ማለትም ቢጫ ካርድ ለያዘ ሰው ይህን ክልከላ አንሥቶለታል። ካርዱን ከያዘች ያለ ቪዛ ትገባለች፣ ያለ ሥራ ፈቃድም ትሠራለች፤ መምረጥና መመረጥ ግን ይቀርባታል። ለይስሙላ በወንድም ስም የዞረ ቤት ወንድምየው ያገባ ወይም የሞተ ዕለት ምን ዓይነት ክርክር እንደሚያስነሣ እርስዎም ሳይታዘቡ አልቀሩም፤ ስለዚህ ባያዞሩት እመክራለሁ።

ይልቅ ሊታሰብበት የሚገባው ስሟ ነው። አሜሪካ ዜግነት የሚሰጠው ሰው በዚያው አጋጣሚ ስሙን እንዲቀይር ዕድል ስለሚሰጥ፣ ብዙዎች የባላቸውን ስም ያስገባሉ። ካርታው ላይ ያለው ስም ከአባቷና ከአያቷ ጋር ነውና፣ ብትቀይር የስም ለውጡን ማስረጃ፣ ባትቀይርም የድሮውን ኢትዮጵያዊ ፓስፖርት ቅጂ በጥንቃቄ ትያዝ፤ ቢጫ ካርድ ስትጠይቅ ቀድሞ ኢትዮጵያዊት እንደነበረች ማስረዳት ይኖርባታል።

የልጅ ልጅዎ ነገር ደግሞ ትንሽ ያስገርማል። እናቱ ገና ኢትዮጵያዊት ሳለች ስለተወለደ፣ የደሴውን የጦሳ ተራራ በፎቶግራፍ እንኳ አይቶ የማያውቀው ሕፃን ከመሐላው ማግስት ደሴ ካደገችው እናቱ ይልቅ ለኢትዮጵያ ዜግነት የቀረበ ይሆናል። ሆኖም 18 ዓመት ከሞላው በኋላ ባለው አንድ ዓመት ውስጥ የአሜሪካውን ትቶ የኢትዮጵያውን መምረጡን ካላሳወቀ፣ እሱም እንደ እናቱ ዜግነቱን እንደተወ ይቆጠራል።