ጥርት ያለው ውሃ ከጎረቤት አልመጣም

ከኮተቤ የጻፉልን ጠያቂ ቤታቸው ተዳፋት ላይ ነው። ዝናብ በጀመረ በአስር ደቂቃ ውሃው ከጓሮ ዞሮ ሳሎን ይገባል። በረዶ ሲጥል ይብሳል። አምና አንድ ግንበኛ ጓሮውን ሊሾ አድርጎላቸዋል። የታችኛው ጎረቤት ውሃ ይንጠባጠብብኛል ብሎ ስላማረረም የታችኛውን የድንጋይ ግንብ የውሃ ማስወጫ ቀዳዳዎች በሲሚንቶ ደፍኗቸዋል። አሁን ደግሞ «የላይኛው ጎረቤት ውሃ እንዳይገባ የአጥሩን ስር በኮንክሪት ላዘጋው?» ይላሉ።

እህቴ፣ ሲሚንቶውን አይግዙ። ከጎረቤትም አይጣሉ።

«ውሃው ጥርት ያለ ነው» ብለዋል፤ እኔን የያዘኝ እሱ ነው። ከላይ ግቢ የሚወርድ ጎርፍ አፈር ይዞ፣ ሻይ በወተት መስሎ ነው የሚመጣው። ጥርት ብሎ፣ ያውም በአስር ደቂቃ የሚደርስ የጣሪያ ውሃ ነው። በረዶው የመውረጃውን አፍ ይዘጋል፣ አሸንዳው ይሞላል፣ ከዚያ ወደ ግድግዳው ይተፋል። በሚቀጥለው ዝናብ ጃንጥላ ይዘው ይዩት። ወደ ታችኛው ግንብ ግን አይጠጉ፤ ልጆቹም እዚያ ኳስ አይጫወቱ። ቀዳዳው የተደፈነ ግንብ ከኋላው ውሃ አቁሯል ማለት ነው፤ ሳያስጠነቅቅም ሊናድ ይችላል።

አሁን ለደንበኛ ሁሉ የምነግረውን ሂሳብ ይስሙኝ፤ ባለቤቴ እንኳ ሰልችቷታል። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ አንድ ሊትር ነው። ጣሪያዎ 120 ካሬ ነው ብለዋል። ሐምሌ ላይ በግማሽ ሰዓት 30 ሚሊ ሜትር ቢጥል 3,600 ሊትር ይሆናል። ባለ 200 ሊትር በርሜል ካሰቡ 18 በርሜል! አስራ ስምንት በርሜል በግማሽ ሰዓት አንድ ጥግ ላይ ሲደፋ ይታይዎት። በሰከንድ ሁለት ሊትር ነው። የእርስዎ መውረጃ ደግሞ አንድ ብቻ፣ እሱም የአፉ ወርድ ሃምሳ ሚሊ ሜትር የሆነ ቱቦ። ሰው 110 ቱቦ ከሃምሳው እጥፍ ይመስለዋል። አይደለም፤ የአፉ ስፋት አምስት እጥፍ ሊሞላ ምንም አይቀረው። ጥቂት ብር ለመቆጠብ ሃምሳ የገጠመልዎት ሰው ሳሎንዎን ነው የሸጠው።

ስለዚህ አሸንዳውን ከመሃል ወደ ሁለቱ ጫፍ ያዘንብሉት፤ በየሁለት ሜትሩ አንድ ሴንቲ ይበቃል። በክርና በውሃ ልክ ይለኩ፣ ዓይንዎን አይመኑ። በሁለቱም ጫፍ 110 ያውርዱ። አሸንዳውን ከቀየሩ 35 ጌጅ ቆርቆሮ አይግዙ፤ ስስ ነው፣ መሰላል ሲደገፍበት ይታጠፋል። መገጣጠሚያውን በሪቬት ይምቱና ሲሊኮን ይቀቡ። ሲሊኮን ብቻውን አንድ ክረምት አይሻገርም።

በሩ ታች ጥግ ላይ፣ መንገዱም ቦይ ያለው በመሆኑ ዕድለኛ ነዎት። ከመውረጃዎቹ እስከዚያ ቦይ 110 ቱቦ ይቅበሩ። በየሜትሩ ቢያንስ አንድ ሴንቲ ይውረድ፣ በየመታጠፊያው ትንሽ ማንሆል ይኑረው። ቱቦውን ከታችኛው ግንብ አርቀው ያሳልፉት፤ እግሩ ስር አይቆፍሩ። ወደ ሴፕቲክ ታንኩ ይግባ የሚልዎት ካለ አይስሙ፤ ሞልቶ ጓሮዎ ላይ ይገለበጣል። ማስረጊያ ጉድጓድም ጥቁር አፈር ላይ አይሠራም፤ ክረምት ላይ እሱ ራሱ ኩሬ ነው።

ሊሾው ላይ ባልዲ ውሃ ይድፉ። ወደ ቤቱ ከሄደ (እንደሚሄድ እገምታለሁ) ከግድግዳው ጥግ ሃያ ሴንቲ ስፋት አስሰብረው ወደ በሩ የሚወርድ ቦይ ያሠሩ። ደፍ ከፍ ማድረግ ውሃውን ግድግዳው ስር ማስተኛት ነው።

ግንቡን መጨረሻ ላይ። ሁለት ሦስት ቀን ፀሐይ ከወጣ በኋላ ከጎረቤት በኩል ይመልከቱት። ቀጥ ብሎ ከቆመና ካልተሰነጠቀ የተደፈኑትን ቀዳዳዎች በመሮ አንድ በአንድ ያስከፍቱ፤ የሚከፍተው ሰው ፊት ለፊት ሳይሆን በጎን ይቁም። የጣሪያው ውሃ በቱቦ ከሄደ ከዚያ የሚንጠባጠበው ትንሽ ነው፤ ጎረቤትዎን ይህን ይንገሩት። ግንቡ ሆድ ካወጣ ግን መሮውን ያስቀምጡና መሐንዲስ ይጥሩ። ኳሱም እስከዚያ ከግንቡ ራቅ ብሎ ይሁን።